ዲስኩ ባዶ ቦታ እያለው «ቦታ አልቀረም» ሲል፦ የአንድ የኮምቦልቻ መደብር ሰርቨር የጉዳይ ጥናት

ኮምቦልቻ ውስጥ የሚገኝ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሽያጭ ሰርቨሩ ቆሞበት ግማሽ ቀን በወረቀት ሲሸጥ ዋለ። ሰርቨሩ «ቦታ አልቀረም» ይላል፤ ዲስኩ ግን ግማሽ ለግማሽ ባዶ ነው። መጀመሪያ የተሞከሩት መላዎች ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ የሠሩ መስለው ነገሩን አባባሱት። በመጨረሻ መፍትሔው የተገኘው ደሴ ያለ አንድ ባለሙያ ትዕዛዝ በስልክ እያስነበበ፣ የመደብሩ ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጣ እየጻፈች ነው። በሁለቱ ከተሞች እንዲህ ያለ ሰርቨር ቢሮ ጥግ ላይ አስቀምጠው የሚሠሩ መደብሮች፣ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ጉዳዩ በዝርዝር የተጻፈው ለእነሱ ነው። የመደብሩም ሆነ የሰዎቹ ስም አልተጠቀሰም።

ዳራ

መደብሩ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ በጅምላና በችርቻሮ ይሸጣል። ሦስት ካሸሮች አሉት፤ ሁለቱ ፊት ለፊት፣ አንዷ መጋዘኑ በር ላይ። ሦስቱም በኔትወርክ ገመድ ከአንድ ሰርቨር ጋር ተያይዘዋል።

ሰርቨሩ ተራ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው፦ 8 ጊጋባይት ራም፣ 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ዲስክ፣ ኡቡንቱ 20.04 የተባለው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና። የዲስኩ ዋና ክፍልፋይ 40 ጊጋባይት ሲሆን ፎርማቱ፣ ማለትም ፋይሎች የሚደራጁበት አሠራር፣ ኢኤክስቲ4 ነው። የሽያጭ ፕሮግራሙ በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ገጾችን በሚያቀርበው በአፓቼ ላይ ይሠራል፣ መረጃውን ማሪያዲቢ በተባለ የመረጃ ቋት ውስጥ ያስቀምጣል። ማሽኑ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ይበራል፣ ማታ ሲዘጋ ይጠፋል፤ በቀን 12 ሰዓት ያህል ይሠራል፣ እሑድ ያርፋል።

ከሰባት ወር ገደማ በፊት ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ሁለት ማሻሻያ አድርጎ ነበር። ካሸሮቹ ጥቂት ደቂቃ ዝም ካሉ ፕሮግራሙ አስወጥቶ እንደገና ፓስወርድ ይጠይቃቸው ስለነበር ይህን ለማስቀረት ሴሽን፣ ማለትም ሰርቨሩ የገባውን ሰው የሚያስታውስበት ፋይል፣ የሚቀመጥበትን ፎልደር ከተለመደው ቦታ አንሥቶ በፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ «ሰስ» በሚል ስም አደረገው። በዚያው ቀን በየካሸሩ ኮምፒውተር ላይ ሰርቨሩ መኖር አለመኖሩን የምታሳይ አረንጓዴ መብራት ጨመረ። መብራቷ በየ10 ሰከንዱ የፕሮግራሙን መግቢያ ገጽ እየጠራች መልስ ከመጣ አረንጓዴ፣ ካልመጣ ቀይ ትሆናለች። ሁለቱም ለየብቻቸው ጥሩ ሐሳብ ናቸው። ችግሩ የመጣው ሲገናኙ ነው።

የታየው ችግር

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ካሸሮች ፓስወርድ ሲያስገቡ ስሕተት ሳይባሉ ወደዚያው መግቢያ ገጽ ተመለሱ። ፓስወርዱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተ ሲገባማ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ሦስተኛዋ ካሸር ግን ያለ ችግር ትሸጣለች። መብራቷም በሦስቱም ላይ አረንጓዴ ናት።

ይህ ሁሉንም አሳሳተ። አንዷ እየሠራች ስለሆነ ሰርቨሩ ደኅና ነው፣ የተበላሹት ሁለቱ ኮምፒውተሮች ናቸው ተባለ፤ ገመድ ተነቀለ፣ ተሰካ። እውነቱ ሌላ ነበር። የሦስተኛዋ ካሸር ኮምፒውተር ማታ ሳይጠፋ፣ ፕሮግራሙም ሳይዘጋ ያደረ ነው። ስለዚህ የእሷ የሴሽን ፋይል ዲስኩ ላይ ቀድሞ አለ። ያለ ፋይል ውስጥ መጻፍ ይቻላል፤ አዲስ ፋይል መፍጠር ግን አይቻልም። ሁለቱ ጠዋት አዲስ የገቡት ደግሞ አዲስ የሴሽን ፋይል ያስፈልጋቸዋል፤ ፋይሉ ካልተፈጠረ ሰርቨሩ ማንነታቸውን ስለማያስታውስ ወደ በሩ ይመልሳቸዋል።

አንድ ሌላ ምልክትም ነበር። ሦስተኛዋ ካሸር የትናንቱን የሽያጭ ሪፖርት ስትጠይቅ ስሕተት ቁጥር 28 የሚል መልእክት መጣ። በሊኑክስ ውስጥ 28 ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ነገር ማለት ነው፦ «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ»፣ በዲስኩ ላይ ቦታ አልቀረም። ማሪያዲቢ ትልቅ ሪፖርት ሲያወጣ ጊዜያዊ ፋይል ስለሚፈጥር ነው በዚያ የወደቀው።

መጀመሪያ የተሞከረው፣ ለምንስ አልሠራም

ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ የመደብሩ ሠራተኛ ሰርቨሩንና ሦስቱንም ኮምፒውተሮች አንድ ላይ አጥፍቶ አበራ። ከበራ በኋላ አንዷ ካሸር ገባች፤ ሌሎቹ ተራቸው ሲደርስ በሩ እንደገና ተዘጋ። የሆነው ይህ ነው፦ ኡቡንቱ ሲነሣ የጊዜያዊ ፋይሎችን ፎልደር ባዶ ያደርጋል፤ በዚህ ጥቂት ቦታ ተለቀቀ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀ። ሪስታርት ማድረጉ ለትንሽ ጊዜ ስለሠራ ሁለተኛ ተደረገ። በዚህኛው ጊዜ ማሪያዲቢ ጭራሽ አልተነሣም። ማሪያዲቢ በሥርዓት ሲዘጋ የራሱን ጊዜያዊ ፋይል ያጠፋል፣ ሲነሣ እንደገና ይፈጥራል፤ መፍጠር ካልቻለ አይነሣም። እስከዚያ ድረስ በከፊል የሚሠራ መደብር ከዚህ በኋላ ሙሉ በሙሉ ቆመ።

ሠራተኛው ቀጥሎ «ቦታ አልቀረም» የሚለውን ቃል በቃል ወሰደና ትላልቅ ፋይሎችን ፈለገ። 30 ያህል የቆዩ የባክአፕ ፋይሎች አገኘና 6 ጊጋባይት የሚሆነውን አጠፋ። ዲስኩ ከ58% ወደ 43% ወረደ። ማሪያዲቢም ተነሣ፤ ሁለት ካሸሮች ገቡ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስተኛዋ ተከለከለች፤ እሷን ለማስገባት ሲባል አሁንም ሪስታርት ተደረገ፣ ሁሉም ቆመ። እዚህ ላይ የጠፋው ባክአፕ ነው፣ የተገኘው ሁለት ደቂቃ። 58% በሞላ ዲስክ ላይ 6 ጊጋባይት ማስለቀቅ የሚፈታው ችግር አልነበረም፤ ቁጥሩ ራሱ ይህን ይናገር ነበር።

ምርመራው

4 ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቱ ደሴ ላለው ባለሙያ ደወሉ። ባለሙያው መጀመሪያ ያለው፣ «ሐጂ፣ ከአሁን በኋላ ማንም ማሽኑን አያጥፋ፣ ምንም ፋይልም አይደምስስ» ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ መምጣት ይቻል ነበር። ነገር ግን ደንበኛ ተሰልፏል፣ ሰርቨሩም ከውጭ የሚገባበት መንገድ አልተዘጋጀለትም። ስለዚህ ሒሳብ ሠራተኛዋ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጠች፣ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ተደረገ። ከዚህ በታች ያሉት ትዕዛዞች በስልክ እንደተነበቡ የተጻፉ ናቸው፦ «ስፔስ» ሲባል ክፍተት፣ «ዳሽ» አጭሯ ሰረዝ፣ «ስላሽ» ወደ ቀኝ ያዘነበለችው መስመር፣ «ፓይፕ» ቀጥ ብላ የቆመችው መስመር፣ «አንደርስኮር» ከታች የተጋደመችው ናት።

የመጀመሪያው ትዕዛዝ «ዲኤፍ ስፔስ ዳሽ ኤች ስፔስ ስላሽ» ነው። መልሱ 43%። ሁለተኛው ከእሱ በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል፦ «ዲኤፍ ስፔስ ዳሽ አይ ስፔስ ስላሽ»። መልሱ፦ ጠቅላላ 2,621,440፣ ነፃ 0፣ 100%። የምርመራው ዋና ሥራ እዚህ አለቀ።

የመጀመሪያው የሚቆጥረው ባይት ነው። ሁለተኛው የሚቆጥረው አይኖድ ነው። ኢኤክስቲ4 ላይ እያንዳንዱ ፋይል፣ ትልቅም ይሁን ባዶ፣ ስለ ራሱ የሚመዘገብበት አንድ አይኖድ ይወስዳል፦ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነካ፣ ይዘቱ ዲስኩ ላይ የት እንዳለ። የመጋዘን ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ መጋዘኑ ግማሽ ባዶ ቢሆንም ቢን ካርድ፣ ማለትም የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ፣ ካለቀ አዲስ ዕቃ መዝግቦ ማስገባት አይቻልም። የአይኖዶቹ ብዛት የሚወሰነው ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ነው፤ በተለመደው አሠራር ለየ16,384 ባይት አንድ አይኖድ ይመደባል። ለ40 ጊጋባይት ይህ ልክ 2,621,440 ይሆናል። ክፍልፋዩ ራሱ ካልሰፋ በስተቀር ቁጥሩ በኋላ አይጨምርም።

ሁለቱን ችግሮች ያለ ዲኤፍ የሚለይ ሌላ ምልክትም አለ። ኢኤክስቲ4 ከባይቱ 5% ለሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ላለው የማሽኑ ተጠቃሚ፣ ያስቀምጣል። ስለዚህ ያለቀው ባይት ከሆነ ተራ ተጠቃሚ ሲከለከል ሩት ግን ለጊዜው መጻፍ ይችላል። ያለቀው አይኖድ ከሆነ እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለም፤ ሩትም አዲስ ፋይል መፍጠር አይችልም። ሒሳብ ሠራተኛዋ የፎልደር ስም ለማሟላት ታብ ስትጫን የመጣው ረጅም የስሕተት ጽሑፍም ከዚህ ነው፤ ትዕዛዞችን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ባሽ፣ ራሱ ጊዜያዊ ፋይል መፍጠር አቅቶት ነበር።

ቀጥሎ አይኖዱን የበላው ማን እንደሆነ መፈለግ ነው። «ሱዱ ስፔስ ዲዩ ስፔስ ዳሽ ዳሽ አይኖድስ ስፔስ ዳሽ ኤክስ ስፔስ ዳሽ ዲ 4 ስፔስ ስላሽ ስፔስ ፓይፕ ስፔስ ሶርት ስፔስ ዳሽ ኤን ስፔስ ፓይፕ ስፔስ ቴይል»። ዲዩ ብዙዎች የሚያውቁት የፎልደር መጠን ሲለካ ነው፤ «አይኖድስ» የሚለው አማራጭ ሲጨመር ግን ፋይል ይቆጥራል። «ሱዱ» ትዕዛዙን በሩት ሥልጣን ያስኬዳል፣ «ዳሽ ኤክስ» ከዋናው ክፍልፋይ እንዳይወጣ ያደርገዋል፣ «ዳሽ ዲ 4» አራት ደረጃ ብቻ ወርዶ እንዲያሳይ። መልሱ ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ቁጥሩ ብዙም ሳይቀንስ እስከ «ሰስ» ፎልደር ድረስ ወረደ፤ እዚያ ብቻ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ፋይል ተከማችቷል። ሁሉም ለማለት ይቻላል ዜሮ ባይት ናቸው፤ ዲስኩ ያልሞላው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ፎልደር ውስጥ ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ተራውን «ኤልኤስ» መጻፍ አይገባም። ኤልኤስ ስሞቹን ሁሉ ሰብስቦ በፊደል ተራ ካልደረደረ አያሳይም፤ ስክሪኑ ፈዞ ስለሚቆይ ማሽኑ የቆመ ይመስላል። መደርደሩን የሚያስቀረው «ኤልኤስ ስፔስ ዳሽ ኤፍ» ነው፣ ኤፏ ትንሿ።

የተወሰደው እርምጃ

አንደኛ፣ ምንጩ ተዘጋ። «ሱዱ ስፔስ ሲስተምሲቲኤል ስፔስ ስቶፕ ስፔስ አፓቼ2»፤ በሦስቱም ካሸር ኮምፒውተሮች ላይ ያለችው መብራትም በእጅ ተዘጋች። ይህ ከጽዳቱ በፊት መሆን አለበት። ሦስቱ መብራቶች በደቂቃ 18 ፋይል ይፈጥራሉ፤ ጠዋት የተለቀቀው ሁሉ በደቂቃዎች ያለቀው በዚህ ፍጥነት ነው። የ30ዎቹ የባክአፕ ፋይሎች ቦታ ሁለት ደቂቃ እንኳ ያልቆየበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ጥቂት ቦታ ማስለቀቅ። እዚህ ላይ ሠራተኛው ከጎን ሆኖ የማጥፊያው ትዕዛዝ «አርኤም»፣ «ሁሉንም» ከሚለው ከኮከብ ምልክት ጋር እንዲሞከር ሐሳብ አቀረበ፤ ተሞከረ፣ «አርጊውመንት ሊስት ቱ ሎንግ» የሚል መልስ መጣ። ኮከቡን የሚተረጉመው ባሽ ነው፤ 2.3 ሚሊዮን ስም በአንድ መስመር ደርድሮ ለአርኤም ሊሰጥ ሲሞክር የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ይከለክለዋል። በተለመደው አሠራር የአንድ ትዕዛዝ ጣሪያ 2 ሜጋባይት ነው፤ እያንዳንዱ የሴሽን ስም ከ30 ፊደል በላይ ስለሆነ ዝርዝሩ ከ70 ሜጋባይት ያልፋል። የሚሠራው ፋይንድ ነው፤ ስሞቹን ከፎልደሩ ራሱ በክፍል በክፍል እያነበበ ይሰርዛል።

ፋይንድ ግን በስልክ ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ዳሽ ዲሊት» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ መሆን አለበት። ፋይንድ ትዕዛዙን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው፤ ዲሊት ከስም ማጣሪያው ቀድሞ ከተጻፈ ማጣሪያውን ሳያይ በፎልደሩ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በዲሊት ፈንታ «ዳሽ ፕሪንት» ተጻፈ፣ በመጨረሻው «ፓይፕ ስፔስ ሄድ» ተጨመረ፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ስሞች ብቻ እንዲታዩ። ምንም አልመጣም። ምክንያቱ ወዲያው ታወቀ፦ የሴሽን ፋይል ስም «ሰስ»፣ ቀጥሎ አንደርስኮር፣ ቀጥሎ ረጅም ኮድ ነው፤ የተጻፈው ግን ዳሽ ነበር። ተስተካክሎ ሲደገም 10 ስም ወጣ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ አነበበቻቸው፣ ትክክል ናቸው። ከዚያ በኋላ ብቻ ፕሪንት በዲሊት ተተካ፣ ሄድም ተነሣ። ግማሽ ደቂቃ ከሠራ በኋላ ኮንትሮልና ሲ ተጭኖ ቆመ። «ዲኤፍ ዳሽ አይ» አሁን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነፃ አይኖድ አሳየ።

ሦስተኛ፣ ሁሉም እስኪጠፋ ሳይጠበቅ ሥራ ማስጀመር። ፎልደሩ በ«ኤምቪ» ስሙ ተቀየረና «ሰስ አንደርስኮር ኦልድ» ተባለ። ስም መቀየር ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስለማይነካ ውስጡ 2.3 ሚሊዮን ቢኖርም ወዲያው ያልቃል። በቦታው በ«ኤምኬዲር» አዲስ ፎልደር ተፈጠረ፤ በ«ሲኤችኦውን» ባለቤትነቱ አፓቼ ለሚሠራበት ተጠቃሚ ተሰጠ፤ በ«ሲኤችሞድ 700» ሌላ እንዳያየው ተደረገ። ባለቤትነቱ ቢረሳ ኖሮ ካሸሮቹ ያው የመግቢያ ገጽ ዙሪት ውስጥ ይቆዩ ነበር፤ ምልክቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ «አልተፈታም» ያሰኝ ነበር።

ፎልደሩን ባዶ አድርጎ ከመቀጠል ይልቅ መተካቱ ሌላም ጥቅም አለው። ኢኤክስቲ4 ላይ አንድ ፎልደር ራሱ፣ ማለትም የስሞቹ ዝርዝር፣ አንዴ ከተለጠጠ ፋይሎቹ ቢጠፉም አይሰበሰብም። የዚህኛው ዝርዝር ብቻውን ወደ 100 ሜጋባይት ይጠጋ ነበር። ባዶ ሆኖም ሲከፈት ይዘገያል።

አራተኛ፣ ማሪያዲቢ በ«ሲስተምሲቲኤል ስታርት» ተነሣ፣ «ማይኤስኪውኤልቼክ» ሰንጠረዦቹን ሁሉ ፈትሾ ደኅና ናቸው አለ፣ ከዚያ አፓቼ ተነሣ። ሦስቱም ካሸሮች ገቡ። ስልኩ ከተደወለ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ሆኖት ነበር። አሮጌው ፎልደር ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ2 በመጫን በተከፈተ ሁለተኛ ስክሪን ላይ፣ ዝቅተኛ ቅድሚያ በሚሰጠው «ናይስ» ትዕዛዝ እየታገዘ በፋይንድ መጥፋት ቀጠለ፤ ካሸሮቹ መዘግየት አልተሰማቸውም። በወረቀት የተሸጠው ከሰዓት በኋላ ወደ ፕሮግራሙ ገባ።

ሥር መንስኤው

መብራቷ መግቢያ ገጹን ስትጠራ ኩኪ፣ ማለትም ሰርቨሩ ጠሪውን የሚለይባትን ትንሽ ምልክት፣ አትይዝም። ኩኪ የሌለው ጥሪ ለሰርቨሩ ሁልጊዜ አዲስ እንግዳ ነው፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ አዲስ ሴሽን፣ ማለትም አዲስ ፋይል ይፈጠርለታል። በየ10 ሰከንዱ አንድ ከሆነ በ12 ሰዓት 4,320፣ በሦስት ካሸር 12,960 ነው። 2.35 ሚሊዮን ለመሙላት 181 የሥራ ቀን ይወስዳል፤ እሑድን ሳይጨምር ሰባት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ማሻሻያው ከተደረገበት ጊዜ ጋር ይገጥማል።

መብራቷ አረንጓዴ ሆና የቀረችውም ገጹ ስለሚከፈት ነው። ሴሽኑ አለመፈጠሩ የተጻፈው በአፓቼ የስሕተት ሎግ፣ ማለትም መዝገብ፣ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ሎጉ ቀድሞ ያለ ፋይል ስለሆነ መጻፉን አላቋረጠም። በጠዋቱ ያን ሎግ በ«ቴይል» ያየ ሰው ቢኖር 28 ቁጥርንና የ«ሰስ» ፎልደርን ስም በአንድ መስመር ላይ ያገኝ ነበር።

አሮጌዎቹ ሴሽኖች ለምን አልጸዱም? በኡቡንቱና መሠረቱ በሆነው በዴቢያን ላይ ፒኤችፒ ሴሽን በራሱ እንዲያጸዳ አልተደረገም። ጽዳቱ በየሰዓቱ በ9ኛውና በ39ኛው ደቂቃ ለሚነሣ ሌላ ሥራ የተተወ ነው። ያ ሥራ የሚያየው ደግሞ በፒኤችፒ ዋና የቅንብር ፋይል ላይ የተጻፈውን ፎልደር ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ በራሱ ኮድ ውስጥ የመረጠውን አያውቅም። ከ24 ደቂቃ በላይ ዝም ያሉትን ካሸሮች ሲያስወጣ የነበረው ያው ጽዳት ነው፤ ከእሱ ለማምለጥ ፎልደሩ ሲነሣ ጽዳቱም አብሮ ቀረ።

ዘላቂው ማስተካከያ

መብራቷ ከመግቢያ ገጹ ይልቅ «ደኅና» የሚል አንድ ቃል ብቻ የያዘ ተራ የጽሑፍ ፋይል እንድትጠራ ተደረገ፤ ሴሽን አይፈጠርም። ይህ ብቻውን ችግሩን ያቆመዋል። ቢሆንም ሥራዎችን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሣው በክሮን ላይ በየሰዓቱ የሚሠራ የጽዳት መስመር ተጨመረ፦ ያው ፋይንድ፣ «ዳሽ ኤምሚን ስፔስ ፕላስ 1440» ተጨምሮበት፤ ከ1,440 ደቂቃ፣ ማለትም ከአንድ ቀን በላይ ያልተነኩትን ብቻ ያጠፋል። ማሽኑ ሌሊት ስለሚጠፋ የሌሊት ሰዓት አልተመረጠም፤ ክሮን ማሽኑ ጠፍቶ ያለፈውን ሥራ ኋላ ተመልሶ አይሠራም።

የክሮን ሰንጠረዥ ሲከፈት ሌላ ነገር ተገኘ። አውቶማቲክ ባክአፕ «ቀን 6 ሰዓት» ታስቦ በሰዓቱ ቦታ 6 ተጽፎበታል። ክሮን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 23 ነው የሚቆጥረው፤ የእሱ 6 የእኛ ንጋት 12 ነው፣ ሱቁም ማሽኑም ገና አልተከፈቱም። ባክአፑ አንድ ቀንም በራሱ ተነሥቶ አያውቅም፤ ጠዋት የተደመሰሱት በእጅ የተወሰዱ ነበሩ። አንድ ቅጂ በፍላሽ ላይ ባይኖር ኖሮ ጉዳዩ ከዚህ የከፋ ይሆን ነበር። ቁጥሩ ወደ 12 ተቀየረ። በሁለቱ ከተሞች ክሮን የሚጽፍ ሁሉ ይህን ነጥብ ቢያይ ይገባዋል፤ ማታ 2 ሰዓት ማለት 20 ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ደግሞ 8።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። በየሰዓቱ «ዲኤፍ ስፔስ ዳሽ ዳሽ አውትፑት እኩል ይሆናል አይፒሰንት ስፔስ ስላሽ» የአይኖዱን መቶኛ ብቻ ያወጣል፤ እኩል ይሆናል የሚለው ምልክቱ ነው፣ በዙሪያው ክፍተት የለም። ከ80% ካለፈ ስክሪፕቱ አንድ ፋይል ይጽፋል፣ የመግቢያ ገጹም ያን ፋይል ካየ በቀይ ያሳውቃል። ፋይሉ የሚጻፈው በ«ራን» ፎልደር ውስጥ ነው፤ ራን በሜሞሪ ላይ ያለ የተለየ ክፍል ስለሆነ ዲስኩ አይኖድ ሲያልቅበትም ማስጠንቀቂያው መጻፍ ይችላል።

ለሌላ ቦታ የሚጠቅመው

ከሁሉ በፊት፣ «ቦታ አልቀረም» ሲባል ሁለቱም ዲኤፎች ይጻፉ፤ አንድ ፋይል እንኳ ከመደምሰሱ በፊት። ሁለቱም ባዶ ቦታ ካሳዩ ደግሞ ያው መልእክት የከርነሉ የፋይል መከታተያ ገደብ ሲያልቅም ይመጣል፤ የቱ ፕሮግራም እንደጮኸ ከሎጉ ይታያል። ባይቱ ሞልቶ ትልቅ ሎግ ከተደመሰሰ በኋላ ቁጥሩ ካልወረደ ደግሞ ፋይሉን የያዘው ፕሮግራም ገና አልለቀቀውም ማለት ነው፤ «ሱዱ ስፔስ ኤልኤስኦኤፍ ስፔስ ፕላስ ኤል 1»፣ ኤሏ ትልቋ፣ ማን እንደያዘው ይናገራል።

ያልታወቀ ችግር ላይ ሪስታርት ማድረግ ማስረጃ ያጠፋል፣ እዚህ እንደታየውም በከፊል የሚሠራውን ሊያቆም ይችላል። ለጥቂት ደቂቃ የሠራ መፍትሔ ደግሞ ራሱ ማስረጃ ነው፦ አንድ ነገር ተለቅቋል፣ አንድ ነገር ደግሞ እየበላው ነው። የሚበላው ሳይዘጋ ማጽዳት ከንቱ ነው።

በስልክ ትዕዛዝ ማስነበብን በተመለከተ ከዚህ ጉዳይ የተወሰደው ሥርዓት በሌሎች ሥራዎችም እየሠራ ነው። ጻፊዋ ኢንተር የምትጫነው መስመሩን ሙሉ በሙሉ መልሳ ካነበበችና «ተጫኚ» ከተባለች በኋላ ብቻ ነው። የሚያጠፋ ትዕዛዝ ሁልጊዜ መጀመሪያ በሚያሳይ መልኩ ይሞከራል። «አርኤም ዳሽ አርኤፍ» በስልክ አይነበብም፤ ከስላሽ በኋላ በስሕተት የገባች አንዲት ስፔስ ያልታሰበ ፎልደር በሙሉ ልትጠርግ ትችላለች። በድምፅ የሚመሳሰሉ ፊደላት ደግሞ በወሎ ከተሞችና ወረዳዎች ስም ይጠራሉ፦ ቢ እንደ ባቲ፣ ዲ እንደ ደሴ፣ ቲ እንደ ተሁለደሬ፣ ኤም እንደ መርሳ፣ ኤች እንደ ሐይቅ፣ ደብልዩ እንደ ወልድያ። «ዲ እንደ ደሴ» ሲባል ማንም ቢ አይጽፍም።

አዲስ ሰርቨር ለሚያዘጋጅ፣ ብዙ ትናንሽ ፋይል የሚጠበቅ ከሆነ ኢኤክስቲ4ን ፎርማት ሲያደርግ «ዳሽ አይ ስፔስ 4096» በማለት የአይኖዱን ቁጥር አራት እጥፍ ማድረግ ይችላል፤ በዚህ 40 ጊጋባይት ላይ አይኖዶቹ ብቻ የሚይዙት ከ640 ሜጋባይት ወደ 2.5 ጊጋባይት ያድጋል። ሌላው ፎርማት፣ ኤክስኤፍኤስ፣ ደግሞ አይኖድ እንደ አስፈላጊነቱ እየፈጠረ ስለሚሄድ ይህ ጣሪያ ቶሎ አይገጥመውም። የመደብሩ ሰርቨር ግን እንዳለ ቀጥሏል፤ መፍሰሱ ከቆመ 2.6 ሚሊዮን ከበቂ በላይ ነው።

ያንኑ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሌሎች

ያው ፕሮግራም፣ ያው ማሻሻያ ደሴ ውስጥ በሌላ መደብርም ተጭኖ ነበር። እዚያ ያለው ሰርቨር ሲታይ ባይቱ 35%፣ አይኖዱ 71% ነበር፤ ካሸሮቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ነው ያልደረሰው። ሥራ ሳይቆም በምሳ ሰዓት ተጸዳ፣ መብራቷም ተቀየረች። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ማሻሻያውን ለወሰዱ ሌሎች ደንበኞቹም ሁለቱን የዲኤፍ ትዕዛዞች በጽሑፍ ልኮላቸዋል፤ አይኖዱ ከ80% ያለፈበት ማሽኑን ሳያጠፋ እንዲደውል ተነግሮታል።